ክብር ለሎንግ ዲስታንስ

እንግሊዝኛን የፈጠረ እጁ ይባረክ። "ታክሲ መጋፋት ሰለቸኝ" የሚለውን ነውር እንዲህ አሽሞንሙኖ የሚያቀርብልን ሌላ ማን አለ?

ጓደኛዬ ጀሞ ተከራይቶ ይኖራል። ፍቅረኛው የካ አባዶ ናት። እናቷ በ1997 ተመዝግበው፣ ስንት ዘመን ቆጥበው በዕጣ ባገኙት ኮንዶሚኒየም። "እንዴት ናችሁ?" ስለው አንገቱን ሰበር አድርጎ "ያው፣ ሎንግ ዲስታንስ ነን" አለኝ። አንጀቴን በላው። ልጅቷ ካናዳ የገባች ነበር የመሰለኝ።

መንገዱ ቀላል ነው አልልም። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ መገናኛ፣ ከመገናኛ አባዶ። ሦስት ታክሲ፣ ሦስት ሰልፍ፣ "ጠጋ ጠጋ በሉ" የሚል ሦስት ረዳት። አዳማ ፍቅረኛ ያለችው ሰው በፈጣኑ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ቡናው ሲፈላለት፣ የኛው ገና መገናኛ ተሰልፏል። ግን "ሰልፍ ፈራሁ" ቢል ማን ያዝንለታል? ሎንግ ዲስታንስ ሲባል ነገሩ ባሕር ማዶ ባሕር ማዶ ይሸታል። ቪዛ አለው፣ ኤርፖርት አለው፣ እንባ አለው።

የድሮ ሰዎች ምስኪኖች ናቸው። ባል ኦጋዴን ዘምቶ ዓመት ሲከርም የሚልከው ደብዳቤ "ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ" ነበር የሚለው። ናፍቆት! በቃ። አንድ የረባ እንግሊዝኛ እንኳን ሳይኖራቸው ሰባት ስምንት ልጅ ወልደው አሳደጉ።

ደግሞ የቃሉ በረከት ለፍቅረኞች ብቻ አይደለም። ኮዬ ፈጬ የገባ አንድ ወዳጄ ከድሮ ሰፈሩ ዕድር ደጋግሞ ቀርቶ ሊቀጣ ሲል "እኔ እኮ የሎንግ ዲስታንስ አባል ነኝ" አለ። ሰብሳቢው ቅጣቱን እጥፍ አደረጉበት። ዘመናዊነት አልገባቸውማ።

ሰሞኑን የልጅቷ እናት ጓዳ ሆነው ስልክ ስታወራ ሰሟት። ከሌላው ሁሉ "ሎንግ ዲስታንስ" የምትለዋን ለቀም አደረጉ። ቪዛው ቶሎ እንዲመጣ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተሳሉ። ቆየት ብለው ግን አላስቻላቸውም።

"ለመሆኑ ልጁ የትኛው አገር ነው ያለው?"

"ጀሞ።"

"የቱ ጀሞ? ትናንት ልቅሶ ደርሼ ለምሳ የተመለስኩበት ጀሞ?"