ማስተካከያ፦ ኢትዮሳትን አሜሪካ ውስጥ በአርቪ ስለማየት

አሜሪካ ውስጥ በአርቪ፣ ማለትም ማደሪያ ባለው መኪና፣ ለሚጓዙ ወገኖች ያወጣነው ጽሑፍ «ጣሪያ ላይ ባለ ዲሽ ኢትዮሳትን ማየት ይቻላል» ይላል። አይቻልም። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ሕንድ ውቅያኖስ አናት ላይ ነው ያለው። ከአሜሪካ ሲታይ ከአድማስ በታች ይውላል። ዲሹ የቱንም ያህል ቢተልቅ ምድር ራሷ ትጋርደዋለች። እባካችሁ ለዚህ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ፤ ቤተሰብ የሚናፍቀውን የአገር ቤት ቻናል በኢንተርኔት ክፈቱለት።

የአሜሪካ የሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅቶች የሆኑት የዲሽ ኔትወርክና የዳይሬክት ቲቪ ሳተላይቶች ግን ከአሜሪካ ይታያሉ። እነሱ ያሉት በደቡብ ሰማይ ነው። ስለዚህ ካምፕ ስትገቡ ጥላ አትፈልጉ፤ በደቡብ በኩል ዛፍ የማይጋርደው ቦታ ምረጡ።