«ሥራ አስወጡሽ እንዴ?»

ሚኒሶታ ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ሁለት ገና አከብራለሁ። አንዱ ዲሴምበር 25፣ የሥራ ቦታዬ ገና ነው። ሌላው ከዚያ 13 ቀን ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 29 የሚውለው የእናቴ ገና ነው። ለመጀመሪያው ስጦታ እገዛለሁ፤ ለሁለተኛው ገንዘብ፣ ጫማና ሽቶ እልካለሁ። ያለፈው ዓመት ግን የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ትርፍ ሰዓት ሥራም ቀረ። «ዘንድሮ ለሁለቱም በእጄ ሠርቼ ነው የምሰጠው» አልኩ።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የፈረንጅ ገና ሲቃረብ ሠራተኞቹ ስማችንን በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ዕጣ እናወጣለን። ለደረሰሽ ሰው ስጦታ ታዘጋጃለሽ። ከ10 ዶላር በላይ ማውጣት አይፈቀድም። በእጅ የተሠራ ከሆነ ደግሞ እሰየው ነው። አንዷ ሻማ አቅልጣ በብርጭቆ ትሞላለች። ሌላው ዱቄት፣ ስኳር፣ አጃና ቸኮሌት በጠርሙስ እየደራረበ ይሞላና አሠራሩን ጽፎ አንገቱ ላይ ያስርበታል። ተቀባዩ ቅቤና እንቁላል ጨምሮ ብስኩት ይጋግራል። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ። ያልተጋገረ ብስኩት ስጦታ! እኔ ወሎዬ ነኝ። ዱቄት ተሰፍሮ ሲሰጥ ትዝ የሚለኝ እናቴ የምታወራኝ የ77ቱ እርዳታ ነው። እነሱ ግን ጠርሙሱን ወደ መብራት አንስተው እንደ ጌጥ ያዩታል።

እኔ ዳቦ ቆሎ ሠራሁ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ቆንጠር ያለ በርበሬ። ሊጡ ጠንከር ይላል። በመዳፍ እያሹ እንደ እርሳስ ማቅጠን፣ ሽምብራ እያሳከሉ መቁረጥ፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሶ ምጣድ ላይ ማመስ ነው። ከቸኮልሽ ውጭው ይቀላና ውስጡ ሊጥ ይሆናል። ሲነከስ ቀጭ ካላለ አልደረሰም ማለት ነው። እጄ እስኪዝል ቆርጬ ስምንት ጠርሙስ ሞላሁ። ጠርሙሶቹ የቲማቲም ስጎ የነበረባቸው ናቸው፤ በፈላ ውኃ አጠብኳቸው። የገዛሁት ሪባኑን ብቻ ነው።

ዕጣ የደረሰችኝ ሴትዮ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ «ራስሽ ነሽ የሠራሽው?» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ አፈርኩ። እናቴ ለትምህርት ቤት ስንሄድ ይህንኑ በጨርቅ ቋጥራ ስትሰጠን ማናችንም አላለቀስንም። እንዲያውም «ጨው አነሰው» ብለን እናማርር ነበር።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እዚህ ሰው ሰዓቱን የሚሸጠው ቆጥሮ ነው። ዕቃው እንደ ጉድ ርካሽ ነው፣ ጊዜ ግን የለም። ስለዚህ ቁጭ ብሎ የሠራልሽ ሰው ውዱን ነገር ሰጠሽ። እኛ ጋ እጅ የሌለው የለም፤ የሚያጥረው ብር ነው። ስለዚህ ክብሩ ያለው ከሱቅ በወጣው ዕቃ ላይ ነው። ዕቃው ላስቲኩ ካልተቀደደ ደግሞ ይበልጥ ይከበራል። (እናቴ ያመጣሁላትን ቴርሞስ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ካስቀመጠችው ስድስት ዓመት አለፈው።)

ፈረንጅ ግን ነገርን ንግድ ሳያደርግ አይተውም። «በእጅህ ሥራ» የሚሉ ግዙፍ ሱቆች አሉ። ሙጫው፣ ወረቀቱ፣ ዶቃው፣ ክሩ ሁሉም እዚያ ነው። ለእናቴ የአንገት ልብስ ልሠራ ሦስት ድውር ቀይ ሱፍ ገዝቼ 18 ዶላር ከፈልኩ። ማዶ ካለው ሱቅ ያለቀለት ስካርፍ በ9 ዶላር ተሰቅሏል! በእጅ የተሠራ ሁሉ ርካሽ ነው ያለ ሰው ክር ገዝቶ አያውቅም። ርካሽ የሚሆነው ድሮም ቤትሽ ያለው ነው፤ ዱቄት፣ ባዶ ጠርሙስ፣ አሮጌ ሻሽ። የማሸጊያ ወረቀትና ሪባን ከፈለግሽ ደግሞ የፈረንጅ ገና እስኪያልፍ ጠብቂ። በማግሥቱ በግማሽ ዋጋ ይጥሉታል፤ የእኛ ገና ገና 12 ቀን ይቀረዋል። ሁለት ገና ያለው ሰው ጥቅሙ ይኼ ነው።

ኪሮሽ የተማርኩት ደሴ ካለችው እህቴ ነው። ልጅ ሳለን በኪሮሽ ያልለበሰ ዕቃ ቤታችን አልነበረም። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው ሳይቀር ለብሷል። የአንገት ልብሱን በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። የፈረንጆቹን ብስኩትም ጋግሬ ጨመርኩበት። ለገና ላሊበላ ሄዶ ቤዛ ኩሉ ሊያይ የተነሣ ያገሬ ልጅ አገኘሁ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፤ እናቴ ደግሞ እዚያው ሐይቅ ናት። ሻንጣው 23 ኪሎ ሞልቶበት ነበር፤ «ግማሽ ኪሎ አትሞላም» ብዬ ለመንኩት።

ታኅሣሥ 22 ደረሰላት። ደወልኩ።

«ደረሰልሽ እማዬ?»

«ደርሶኛል ሆዴ፣ ተመስገን።» ትንሽ ዝም አለች። «ሥራ አስወጡሽ እንዴ?»

«ኧረ ማንም አላስወጣኝም!»

«አሞሽ ነው?»

«ደኅና ነኝ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ቁጭ ብለሽ ክር የምትሠሪው? ካጣሽ አጣሁ በይ እንጂ። ከዚህ እንላክልሽ።»

ብስኩቱን አልቀመሰችውም። ቅቤና እንቁላል አለበት፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ላይ ናት። እኔ ጾሙን ረስቼዋለሁ፣ ይኼ ነው ያሳፈረኝ። ዳቦ ቆሎውን ብልክ ኖሮ ዘይት ብቻ ስለሆነ ያን ዕለቱን ከቡናዋ ጋር ትቆረጥመው ነበር።

ኋላ እህቴ ምክንያቱን ነገረችኝ። ጎረቤታችን የሐጂ ባለቤት ልጅ አላት፣ ጅዳ ነው የምትሠራው። በዚያው ሳምንት ወፍራም ብርድ ልብስ ከነቦርሳው ልካለች። ከውጭ የመጣ ዕቃ እኛ ሠፈር ቡና ላይ ይታያል። እያንዳንዷ ዳብሳ፣ አገላብጣ «ማሻ አላህ» ትላለች። እናቴ ከአሜሪካ የመጣላትን ቀይ ክር አውጥታ ከብርድ ልብሱ ጎን እንዴት ታስቀምጠው? ደበቀችው።

ይኼን ስሰማ ትንሽ ተናደድኩ። ምክንያቱም ከሐይቅ ወደ ሚኒሶታ በየዓመቱ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። በርበሬ ይመጣል። ዛላው ተለቅሞ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከኮረሪማ ጋር ተወቅጦ። ሽሮ ይመጣል። ሰፌድ ይመጣል። የሰፌዱ ሰንደዶና አክርማ በመስከረም ተለቅሞ ይደርቃል፣ ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል፣ ከዚያ በወስፌ እየተወጋ ወር ሙሉ ይሰፋል። ይኼን ሁሉ እናቴ አንድ ቀን «ስጦታ» ብላው አታውቅም። «ትንሽ ነገር ቋጥሬልሻለሁ» ነው የምትለው። ቋጠሮ! ከእሷ ወደ እኔ ሲመጣ ቋጠሮ ነው፣ ማንም አይገረምበትም። ከእኔ ወደ እሷ ሲሄድ ግን የችግር ምልክት ሆነ።

ደግሞ ድሮ ገናችን ራሱ በእጅ የተሠራ ነበር። ወንዶቹ ጫፉ የቆለመመ እንጨት ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ጫካ ይዞራሉ። ሩሯ ከእንጨት ጉጥ ትጠረባለች። ወንድሜ የገና ዱላውን በሰባራ ጠርሙስ ፍቆ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ ሌሊት አቅፎት ያድር ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ የሐጂ ልጆችም አብረው ይጫወታሉ። ሥጋው አያገናኘንም፣ እርዳችን ለየብቻ ነው። እናቴ ድፎውን ስትቆርስ ግን የመጀመሪያው ቁራሽ ለእነሱ በአጥር ላይ ያልፋል። በዒድ ደግሞ ከእነሱ ወደ እኛ። አጥሩን የሚሻገረው ዳቦው፣ ቆሎውና ቡናው ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ለገና ደሴ ሄጄ ሱቅ በረንዳ ላይ የላስቲክ ጥድ አየሁ፤ እንደ በረዶ ጥጥ በትነውበታል። ያን ቀን ጃኬት አውልቄ ነው የምሄደው። በረዶውን ከእኛ ሚኒሶታ መውሰድ ይችላሉ፣ በነፃ።

ግንቦት ላይ ከአገር ቤት የመጣች ሴት የእናቴን ዕቃ ይዛልኝ መጣች። በርበሬው አለ፣ ሽሮው አለ። ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰፌድ አለ። ከፈትኩት። ዙሪያው ላይ ሦስት ጣት የሚሆን ቀይ ጥልፍ አለው። አለላ አይመስልም፣ ለሰለስ ይላል። በጥፍሬ ሳብ አድርጌ አየሁት። ሱፍ ነው። 18 ዶላሬ!

ደወልኩላት።

«እማዬ፣ የአንገት ልብስሽን ተረተርሽው?»

«ሐይቅ ሙቀት አይደል እንዴ፣ የት ልለብሰው? ደግሞ አሠራርሽ ልል ነው፣ ጣት ያሳልፋል። ክሩ ግን ደግ ክር ነው፣ ቀለሙ አይለቅም። ለሐጂ ባለቤት አንድ ሰፌድ ሰፍቼ ሰጠኋት፣ ወዳዋለች። ሞሰብ ጀምሬ ቀዩ አላደረሰኝም። የተረፈሽ ካለ ላኪልኝ።»

ትናንት ያን ሱቅ ሄጄ አራት ድውር ገዛሁ። ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው።