ቲኤስኤች ሳይታይ የኮሌስትሮል ክኒን አይታዘዝ

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን የጤና ዝግጅት ላይ ስለ ኮሌስትሮል የተጠየቁ ሐኪም፣ እንቅርት ለሌለው ሰው የታይሮይድ ምርመራ (ቲኤስኤች፦ ታይሮይድ ሲደክም በደም ውስጥ ከፍ የሚል ሆርሞን) ማዘዝ ገንዘብ ማባከን እንደሆነ፣ ኮሌስትሮልም የቅቤና የሥጋ ጣጣ እንደሆነ ተናግረዋል። ጠያቂውም ዝም ብሎ አሳለፈው። ይህ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

እንቅርት አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ማበጥ ያሳያል፤ ሥራውን አያሳይም። በአዮዲን እጥረት አንገቱ ያበጠ ሰው ሆርሞኑ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ዕጢውን ቀስ በቀስ ያጠፋበት ሰው ደግሞ አንገቱ ቢዳሰስ ምንም ላይገኝበት ይችላል። አንገት አይቶ ሆርሞን የሚለካ ሐኪም የለም።

የቅቤው ነገር ይብሳል። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳትነካ የጨረሰች የ50 ዓመት ሴት በፋሲካ ዋዜማ ተመርምራ ኤልዲኤሏ (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) 190 ደርሶ ከፍ ቢል ምን ሊሏት ነው? ሽሮና ምስር ውስጥ ኮሌስትሮል የለም! አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ሰውነት ነው። መጠየቅ ያለበት ከደሟ ለምን አልወጣም የሚለው ነው።

ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅመው በዋናነት ጉበት ነው። በጉበት ሕዋሳት ገጽ ላይ ያሉት ተቀባዮች ቅንጣቱን ይዘው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ተቀባዮቹ በበቂ ቁጥር እንዲሠሩ ከሚያዙት አንዱ ቲ3 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ነው። እሱ ሲያንስ ተቀባዮቹ ይመናመናሉ፤ ኤልዲኤሉም የሚያነሳው አጥቶ በደም ውስጥ ሲዞር ይከርማል። ጉበት ኮሌስትሮልን በሐሞት በኩል ማስወገዱም ይቀዛቀዛል። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ አለ፦ ታይሮይድ ሲደክም ጉበት የሚሠራው ኮሌስትሮልም ይቀንሳል። ማስወገዱ ከማምረቱ የበለጠ ስለሚወድቅ ግን ደም ውስጥ ያለው ይጨምራል። ስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል ክኒን የሚመታው ማምረቻውን ነው፤ የጎደለውን ሆርሞን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ለጉበት ስብ በሽታ የተፈቀደው ሬስሜቲሮም እንኳ የተሠራው በጉበት ያለውን የታይሮይድ ሆርሞን ተቀባይ እንዲቀሰቅስ ነው፤ ኤልዲኤልንም ያወርዳል። ዓለም መድኃኒት የቀመመበትን መንገድ እኛ ብክነት እንበለው?

ጉዳቱም በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። የሆርሞን ማነስ ብቻውን ጡንቻ ያሳምማል፣ ሲኬ የተባለውን ኢንዛይም ያንራል። ስታቲን ሲጨመርበት የጡንቻ ጉዳት ስጋቱ ያይላል። ሴትየዋ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ክኒኑን ትጥላለች፤ በሌላ ስታቲን ይቀየርላታል። ድካሙ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ ብርድ አለመቻሉ ግን አብሯት ይኖራል። አንድ ቲኤስኤች ብክነት ተብሎ፣ ዕድሜ ልክ በየወሩ የሚገዛ ክኒን ቁጠባ ሊባል ነው።

ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ የደረሰበት ሰው ስታቲኑን መጠበቅ እንደሌለበት እቀበላለሁ፤ ለእሱም ቢሆን ቲኤስኤቹ ከዚያው ደም ይታያል። ቲኤስኤቹ ከ4 እስከ 10 ባለው ሰው ላይ ደግሞ በሆርሞን ሕክምና የሚገኘው የኤልዲኤል ቅናሽ ትንሽ ነው። ከ10 በላይ ሆኖ ቲ4 (ዕጢው በዋናነት የሚያመነጨው ሆርሞን) ዝቅ ካለ ግን እሱን የሚተካው ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ መጀመር አለበት። ሙሉ መጠኑ በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 100 አካባቢ። ለአዛውንትና ለልብ ሕመምተኛ ከ12.5 ወይም ከ25 ተነስቶ ቀስ እያለ ይጨመራል። የሚዋጠው በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው፤ ከብረትና ከካልሲየም ክኒን ጋር የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑረው። ከቡና ጋር የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ በደንብ አይሰርግለትም፤ ከዚያ መጠኑ አነሰ ተብሎ በከንቱ ይጨመርለታል። ቲኤስኤች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይደገማል። እሱ ሲስተካከል ኤልዲኤሉ እንደገና ይለካ፤ ያኔም ካልወረደ ስታቲኑ ይታዘዝ።