ይድረስ ለክቡር አጀንዳ «ልዩ ልዩ»

ጉዳዩ፦ መቼ እንደሚበቃዎት ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ ሌላው አጀንዳ ሁሉ ተራ ቁጥርና ርዕስ ተሰጥቶት ይመጣል። እርስዎ ግን ገደብ የለዎትም። የሰርግ መዋጮ፣ የሽንት ቤት ሳሙና፣ የጀነሬተር ናፍጣ፣ ሁሉም የመጡብን በእርስዎ በኩል ነው። እሱን ችለነው ኖረናል።

ዓርብ ዕለት ግን ቂሊንጦ አካባቢ ባለው መሥሪያ ቤታችን የሰዓት አጠቃቀም ስልጠና ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል ተብሎ አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ስልጠናውን የሚከፍቱት ኃላፊ መንገድ ተዘጋግቶባቸው ነው አሉ። እኛ ከየካ አባዶ የተነሳነው በክንፍ ሳንመጣ አልቀረንም።

ቀጥሎ የቡድን ሥራ መጣ። «ጽሑፍሽ ያምራል» ተባልኩና ማርከሩ እጄ ገባ። አንዱ ስልክ ሊያወራ ወጣ። አንዷ ሻይ ደርሶ እንደሆነ ልታይ ሄደች። የቀሩት «እኛ ተስማምተናል» አሉ። በምን እንደተስማሙ አልነገሩኝም። ላቀርብ ስቆም መጀመሪያ እጁን አውጥቶ የተቃወመኝ የራሴው ቡድን አባል ነው። ይሄንንስ ለምጄዋለሁ።

ክቡርነትዎ የመጡት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሰው ቦርሳውን አንግቷል። ሰርቪሱ ሞተር አስነስቷል። ሰብሳቢው «ልዩ ልዩ ካለ?» አሉ። ያን ሁሉ ሰው ይዞ አንድ «የለም» የሚል ጠፋ። የንብረት ክፍሉ ሰው ተነሳና አንድ ሰማያዊ ማርከር ጎድሏል አለ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እስቲ እህታችን፣ በስህተት ቦርሳሽ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ እዪልን» አሉ ሰብሳቢው። በትህትና ነው ያሉት፤ እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ምሳ ዕቃ፣ ጃንጥላ፣ ቁልፍ፣ በሶፍት የተጠቀለሉ ሁለት ሳምቡሳዎች። የሻይ ሰዓት ድርሻዬ ናቸው። ሳልበላ ለልጄ የያዝኳቸው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ።

ማርከሩ ተገኘ። አሰልጣኙ ኪስ ውስጥ። «ለካ እኔ ጋ ነው!» አሉና እሳቸውም ሳቁ። ይቅርታ አጀንዳው ላይ አልተያዘም ነበር መሰለኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «በንብረት አያያዝ ዙሪያ ሰፊ ውይይት ተደርጎ መግባባት ላይ ተደርሷል» የሚል ነው። ማን ከማን ጋር ነው የተግባባው? እኔ ከማንም ጋር አልተግባባሁም። ለዓመታት በሠራሁበት ቤት፣ በአንድ ማርከር ምክንያት እንደ ሌባ ተፈትሻለሁ። አንድም ሰው «ኧረ ነውር ነው» አላለም። ቡድኔ እንኳን። ለልጄ የያዝኩትን ምግብ እየቆጠሩ ሳቁብኝ።

ሰርቪሱ ሄዷል፣ እርግጥ። ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲመሽብኝ የአሠሪና ሠራተኛውን አዋጅ አሰብኩ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ደግሞ የሰዓቱ ደመወዝ በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። የእርስዎ ሰዓት የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ሰኞ ጠዋት የሰው ሀብትን ጠየቅኩ። «እሱ እኮ ስብሰባ ነው» ተባልኩ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ከተቻለ ጡረታ ይውጡልን። ካልተቻለ አጀንዳ ከነሰዓቱ በዋዜማው ይለጠፍ። ያልተመዘገበ ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆይ። የአንድ ሰው ጉዳይ ቢሮ ተጠርቶ ይነገረው እንጂ አዳራሽ አይውጣ። ማርከር የጠፋበት ሁሉ መጀመሪያ የራሱን ኪስ ይፈትሽ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል
ለሰርቪሱ ሾፌር
ለቡድን 3 አባላት፣ እንደ ልማዳቸው እንዲስማሙበት