የተመለሰው ኪሎ የሄደው አይደለም

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት ሁለት ሱሪ ይዤ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። እንዲያሰፋልኝ ነው። ሰውየው ጨርቁን ገልብጦ አየና ሳቀ። «ጋሼ፣ ያኔ ያጠበብኩት እኔው ነኝ እኮ። የድሮው ስፌት ምልክቱ አልጠፋም፤ እዚያው እመልሰዋለሁ» አለኝ። መለሰውም። ሱሪው ልክ እንደ ድሮው ሆነ። እኔ እንደ ድሮዬ እንዳልሆንኩ ለመረዳት ግን ሌላ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

በ52 ዓመቴ ስኳር ተገኘብኝ። ያኔ 92 ኪሎ ነበርኩ። ድንጋጤው አበረታኝና በዓመት ውስጥ 78 ገባሁ፤ ሰባት ዓመት ያህልም እዚያው አካባቢ ቆየሁ። 60 ሲሞላኝ ከመምህርነት ተሰናበትኩ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ 91። ዘመድ ወዳጅ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ግማሹ «ሰነፈ» አለ፣ ግማሹ «ተመቸው»። ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለኛል።

ስሠራ ሳለሁ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል፣ ማታ ደግሞ ሽቅብ በእግሬ ነበር የምሄደው። ለጤናዬ ብዬ አልነበረም፤ የታክሲው ሰልፍ ስለሚያሰለቸኝ ነው። ክፍል ውስጥ በቀን አምስት ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ እውላለሁ። ምሳዬ በምሳ ዕቃ ነው፤ ምሳ ዕቃ ደግሞ ልክ አለው፣ ሲያልቅ አለቀ። ይህን ሁሉ ስፖርትም አመጋገብም ብዬው አላውቅም። የጡረታ ደብዳቤዬ አገልግሎቴን በዓመት፣ በወርና በቀን ቆጥሮ ሲሰጠኝ ያ ሁሉ እርምጃና ያ ምሳ ዕቃ አብረው እንደተሰናበቱ ልብ አላልኩም።

ደግሞ ጡረተኛ የቤቱ አምባሳደር ነው። ልጆቹ ሥራ ናቸው፣ ምራቲቱ ሕፃን ይዛለች፤ እናም ለቅሶ የሚደርሰው፣ ክርስትና የሚጠራው፣ ሠርግ የሚሄደው፣ ዕድር የሚቀመጠው እሱ ነው። «አባዬ፣ መቼም አንተ ጊዜ አለህ» ይባላል። ጊዜውስ አለኝ። የምሄድበት ሁሉ ግን ሳህን ይዞ ይጠብቀኛል። ለቅሶ ቤት ንፍሮና እንጀራ፣ ማኅበር ላይ ዳቦና ጠላ፣ ሠርግ ላይማ አይነሳ። «ጠገብኩ» ማለት ይቻላል፤ «በሞቴ» ሲባል ግን ምን ይመለሳል? «አፈር ስሆን» ብላ እጇን የዘረጋችን ሴት ጉርሻ እምቢ የሚል ጉሮሮ አልተሰጠኝም። ቤት የዋልኩ ቀን ደግሞ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ነው። ስኳር አልጨምርም። ቆሎውን ግን ወሬ እየሰማሁ ስቆረጥም የስንተኛው እፍኝ እንደሆነ የሚቆጥርልኝ የለም።

ጾም አለላችሁ የሚሉንም አሉ። ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ ጾመን ከሳን የምንል ግን ጥቂቶች ነን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የሚቀርበው ድንች በዘይት፣ ፓስታ፣ ዳቦና ሳምቡሳ ከሆነ ከየት ይከሳል? መቼም ጾም የተሠራው ለነፍስ ነው፤ ኪሎ ካልቀነሰ ብሎ መውቀስም አግባብ አይደለም።

እንግዲህ ዕድሜውስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከስምንት ቀን ጨቅላ አንስቶ እስከ 95 ዓመት አዛውንት ድረስ ከ6,400 በላይ ሰዎችን አይቶ፣ ሰውነት እንደ መጠኑ የሚያቃጥለው ጉልበት ከ20 እስከ 60 ዓመት ብዙም እንደማይለወጥ አሳይቷል። በአርባና በሃምሳ ዓመታችን ቦርጫችንን «ዕድሜው ነው» እያልን የሸፈንነው ውሸት ነበር ማለት ነው። ከ60 በኋላ ግን በዓመት 0.7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ልክ እኛ ጡረታ በምንወጣበት ዕድሜ! በአሥር ዓመት ተጠራቅሞም ቅናሹ ከአንድ እፍኝ ቆሎ ብዙ የሚበልጥ አይመስለኝም። ችግሩ እፍኙ የየቀን መሆኑ ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች ክብደት ቀንሰው መልሰው ሲጨምሩ ተከታትሏል። አንድ ኪሎ ስብ ሲቀንሱ 260 ግራም ያህል ጡንቻና ሌላ ስብ ያልሆነ አካል አብሮ ሄዷል። ስቡ በኪሎ ሲመለስ ግን ከዚያኛው የተመለሰው 120 ግራም ያህል ብቻ ነው። እኔ ሴት አይደለሁም፤ ሒሳቡ በግራም ለእኔም ይሠራል አልልም። ነገሩን ግን ጉልበቴ ነግሮኛል። በ92 ኪሎዬ ዘመን ከበርጩማ ብድግ እል ነበር፤ በ91 ኪሎ ግን ጠረጴዛ መደገፍ ጀመርኩ። ሚዛኑን ከጠየቃችሁት በአንድ ኪሎ ቀልያለሁ።

ለዚህ ነው በዚህ ዕድሜ ኪሎ የተመለሰበት ሰው «ያኔ እንዳደረግኩት ተርቤ እጨርሰዋለሁ» ሲል ስሰማ የምሰጋው። እኔም ሞክሬዋለሁ። እራት ተውኩ፣ ቁርስ በሻይ አለፍኩ፣ የስኳር ኪኒኔን ግን እንደ ወትሮው ዋጥኩ። በአሥረኛው ቀን ይሁን በአሥራ አንደኛው ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኔ ጨለመ። ስኳሬ ወርዶ ነበር። ምግብ ስቀንስ የመድኃኒቱ መጠን መታየት እንዳለበት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ስኳር ወይም ደም ብዛት ያለበት ሰው ይህን ሳያማክር ባይጀምር እመክራለሁ።

የሰነፍ ስም ለሚሰጡን ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በአሜሪካ ቴሌቪዥን በክብደት መቀነስ የተወዳደሩ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል። ከአንዱ በቀር ሁሉም መልሰው ጨምረዋል፤ ሰውነታቸውም ለመጠናቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ያቃጥል ነበር። አሠልጣኝ፣ ሐኪምና ካሜራ ከበዋቸው የቀነሱ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ በሽሮ ሜዳ ጡረተኛ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ።

እንዴት ይቀነስ ለሚለው የምተማመንበት መልስ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣ ሌላ ሙከራ ነው። 160 ወፍራም ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም 65 ዓመትና ከዚያ በላይ። አንዱ ቡድን ለማነጻጸሪያ ሲቀር፣ የቀሩት ምግብ ቀንሰው ከፊሎቹ የእግር ጉዞን የመሰለ እንቅስቃሴ፣ ከፊሎቹ ክብደት ማንሳት፣ ከፊሎቹ ሁለቱንም ሠሩ። በስድስት ወር ሦስቱም ቡድኖች ከክብደታቸው 9 በመቶ ያህል ጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ግን ስብ ካልሆነው አካላቸው 5 በመቶ ከስሯል፤ ክብደት ያነሱት 2፣ ሁለቱን የደባለቁት 3 በመቶ። በአካል ብቃት ፈተናም ይበልጥ የተሻሻሉት ሁለቱን የደባለቁት ናቸው። ስለዚህ ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉትን እያየሁ ብቀናም፣ በአዲሶቹ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ብመላለስም፣ መራመድ ብቻውን እንደማይበቃኝ አውቄያለሁ።

ጂም አልገባሁም፤ ከጡረታ ደመወዝ ላይ ምኑ ተቆርጦ! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ክብደት ሞልቷል። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን በግራ፣ አምስት ሊትር በቀኝ ይዤ ከቧንቧው እስከ ኩሽና እመላለሳለሁ፤ አሁን አሥር አሥር ደርሻለሁ። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ እላለሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። መጀመሪያ አራት ነበር፤ የልጅ ልጄ እየቆጠረች ታጭበረብርልኝ ነበር። ሳህኔ ላይም ሁለት ጭልፋ ወጥ በአንድ እንጀራ የነበረው ሦስት ጭልፋ በግማሽ እንጀራ ሆነ። ለእኛ ዕድሜ በቀን በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ ኩላሊቱን የሚያመው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። በጾም ይህን መሙላት ቀላል አይደለም። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል አለው፤ ቀጭን ሽሮ ግን ምን ያህል ዱቄት እንደገባበት የምታውቀው የሠራችው ናት። ባለቤቴ ወፍራም አድርጋ እንድትሠራው ስጠይቃት «ለመክሳት ወፍራም ሽሮ?» ብላ ሁለት ቀን ስቃብኛለች።

ከምግቡ ይልቅ የከበደኝ የሰው አፍ ነው። ሦስት ኪሎ እንደቀነስኩ ጎረቤቴ እማማ በሩ ላይ አቆሙኝ። «ምነው ልጄ፣ ከሳህ? ደኅና አይደለህም እንዴ?» በማግስቱ የዕድሩ ጸሐፊ ደገመው፤ ቀጥሎ ልጄ ስልክ ደወለ። አልተቀየምኩም፤ ፍርሃቱ የመጣበትን አውቀዋለሁ። የ77ን ድርቅ ያየ ሰው መክሳት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኤች አይ ቪ የየቤቱን በር ባንኳኳበት ዘመን የከሳ ሰው ገና በቁሙ በሹክሹክታ ተቀብሯል። «ሞላ አልክ፣ ያምርብሃል» ማለት ምርቃት የሆነው በዚያ ምክንያት ነው። ለነገሩ ሳይሞክር የሚከሳ አዛውንት በእርግጥም መመርመር አለበት፤ እማማ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እኔ የምለው፣ ጥያቄው አንድ ጊዜ ከተመለሰ ይበቃል። አስቤበት እየቀነስኩ ነው ያለን ሰው በየሳምንቱ ስለ መክሳቱ ማዘንና ሳህኑን መሙላት እንክብካቤ መሆኑ ይቀራል።

አሁን 65 ዓመቴ ነው። በአሥራ አራት ወር ሰባት ኪሎ ቀንሼ 84 ላይ ነኝ፤ ከበርጩማም ያለ ጠረጴዛ እነሳለሁ። ሐኪሜ ካርዴን ገልጠው የድሮውን 78 በእስክርቢቶ አክብበው አሳዩኝ። እሱማ የሌላ ሰው ነው፣ እኔ 82 ይበቃኛል አልኳቸው። ተከራከርን፤ ስኳሬንና ደም ግፊቴን አይተው ትንሽ ለዘብ አሉ፣ ግን እሺ አላሉኝም። ቀጠሮዬን ከፋሲካ በኋላ አድርገውታል። ከፋሲካ በፊት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።