እርማት፦ ምላስህ አልተበላሸም

ወንድሜ፣ የደብረ ብርሃን አረቄ አንዴ ካስመለሰህ ወዲህ አፍህ ሲደርስ ያንገሸግሽሃል። «ምላሴ ተበላሽቷል፤ ጣዕም የሚወሰነው እሱ ላይ ነው፤ አንጎል ተቀባይ ብቻ ነው» ብለሃል። ምላስህ ደህና ነው።

ብዙ ሰው የጣዕም መልእክት ከምላስ ወደ ላይ፣ ወደ አንጎል ብቻ የሚሄድ ይመስለዋል። ከላይም ወደ ታች ይወርዳል እኮ! ኢንሱላ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያለው የጣዕም ቦታ፣ እንዲሁም አሚግዳላና ሃይፖታላመስ የተባሉት የአንጎል ክፍሎች፣ ከታች ባለው የአንጎል ግንድ (አንጎልን ከአከርካሪ ጋር በሚያገናኘው ክፍል) ውስጥ ላሉት የጣዕም ሴሎች መልእክት ይልካሉ። በአይጦችና ሃምስተር በተባሉ አይጥ መሰል እንስሳት እንደታየው፣ እነዚህ ክፍሎች ሲነቃቁ አንዳንዶቹ ሴሎች ለጣዕም የሚሰጡት ምላሽ ይጨምራል፤ የሌሎቹ ይቀንሳል። ያው ጨው፣ ያው ስኳር ሆኖ ማለት ነው።

ግንዱም ቢሆን ተራ ተላላኪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ተመራማሪዎቹ ግሪልና ኖርግረን የላይኛው አንጎላቸው ከግንዱ የተቆረጠባቸውን አይጦች ፈተኑ። ጣፋጩን ዋጡ፣ መራራውን ተፉ። የሚገርመው ግን ሌላ ነው፦ ያሳመማቸውን ጣዕም መጥላት አልቻሉም። ያንን ለመማር የላይኛው አንጎል ያስፈልጋል። አረቄውንም ያስጠላህ ይኸው ትምህርት ነው። ስለዚህ ምላስህን በሎሚ ማሸቱን ተወው፤ አይጠቅምህም።