አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

እናንተ የጎንደር ሰዎች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ነገሬ ከመንግሥት ጋር አይደለም፣ ከካርቱም ጋርም አይደለም። ነገሬ ፒያሳ ቡና ይዘን ስለ መተማ ከምንፎክረው ከኛው ጋር ነው።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ተራ ነበርኩ። አጠገቤ አንዲት ሱዳናዊት ልጅ አዝላ ሽንኩርት ትመርጣለች። ሻጯ ለእኔ ከጠራችው ዋጋ ጨምራ ጠራችባት። ሴትየዋ አማርኛዋ ገና ነው፣ "ውድ፣ ውድ" አለች በእጇ እያሳየች። ይሄኔ ከጎን የቆመ ጎረምሳ "መሬታችንን ወስዳችሁ ደግሞ ዋጋ ትከራከራላችሁ!" ብሎ ጮኸባት። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ያለው ባይገባትም ድምፁ ገብቷታል። ዘንቢሏ ውስጥ የጨመረችውን ሽንኩርት አንድ በአንድ አውጥታ ክምሩ ላይ መለሰችና ሄደች። እኔም እዚያው ቆሜ ዝም አልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄው ነው። ያቺ ሴት አልፋሽቃን፣ ከሱዳን ጋር የምንከራከርበትን የድንበር መሬት፣ አልወሰደችም። የሱዳን ጦር በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ፣ እኛ እርስ በርሳችን ስንዋጋ፣ ገፍቶ ሲገባና ገበሬዎቻችንን ሲያፈናቅል እሷን ያማከራት የለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ያው ጦርና ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ኃይል ካርቱም መሀል መታኮስ ሲጀምሩ፣ ቤታቸውን ጥለው በመተማ በኩል የገቡት እንደ እሷ ያሉት ናቸው። ታዲያ እንዴት ተቀበልናቸው? በ2016 ዓ.ም. አውላላ መጠለያ የነበሩት ዝርፊያው በዛብን፣ ጥቃቱ በዛብን ብለው ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ከነልጆቻቸው ሰነበቱ። እኛው አገር፣ እኛው መንገድ ላይ።

ወገኖቼ፣ የረሳችሁት ነገር አለ። በ1977 ድርቅ ጊዜ ከዚህ አገር ሰው ወዴት ነበር የሄደው? ወደ ሱዳን አይደለም እንዴ? ኡም ራኩባ የሚባለውን መጠለያ የማያውቅ ሽማግሌ አለ? ከወለቃና ከየገጠሩ የወጡት ቤተ እስራኤሎችስ በማን ምድር ላይ ነበር ቀን የጠበቁት፣ ሙታናቸውንስ የት ቀበሩ? ሱዳን ገዳሪፍ ሠርቶ ለቤተሰቡ ገንዘብ ሲልክ የኖረ ወንድም፣ አጎት፣ አባት የሌለው ቤት ጎንደር ውስጥ ስንት ነው?

መሬቱን እንተው አላልኩም። ይሄን ደግሞ እንዳታጣምሙብኝ። የወሰኑ ውል ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአጼ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመ ነው። በዓመቱ ጉዊን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ከኢትዮጵያ በኩል ማንም አብሮት ሳይቆም ምልክቱን አደረገ። ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል። በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ደብዳቤ ተለዋውጠው ጉዳዩን እንጨርሳለን ተባባሉ። ወሰኑ ግን እስካሁን በሥርዓቱ አልተካለለም። ገበሬው በየዓመቱ የሚያርሰው የማን እንደሆነ በወረቀት ያልተቋጨ መሬት ነው። መጮህ ካማራችሁ ስለዚህ ጩኹ። ሹሙን "ወሰኑ የት ደረሰ?" ብላችሁ ያዙት። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትገዛ ሴት ላይ የሚጮህ ግን መሬት አላስመለሰም።

የታሪክ ነገርም አለ። አፋችንን የምንከፍተው በመተማ ነው። እሺ፣ መተማን እናንሳ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች፣ የሱዳኑ መህዲ ተከታዮች፣ ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፣ ሰዉን እየነዱ ወሰዱ። በዓመቱ፣ መጋቢት 1881፣ አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፣ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከዚያ በፊትም በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ ከዚሁ ከተማችን ተነስተው የሱዳኑን የሰናር መንግሥት ሊወጉ ዘምተው ዲንደር ወንዝ ላይ ተሸነፉ። ነገሥታቱ ለዘመቻ ይዘውት የሚወጡት ኩርዓተ ርእሱ የሚባለው የክርስቶስ ሥዕል ሳይቀር ተማርኮ በወርቅ ነው የተመለሰው። የሞቱት ጀግኖች ናቸው፣ ስማቸው ይከበር። ግን እያንዳንዱ ዘመቻ ጎንደርን ምን እንዳስከፈላት እያወቃችሁ፣ የልጅ ልጆቻቸውን በቡና ላይ ወሬ ወደዚያው አትንዱ። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበልጣል ይሉ የለም? ያን ሁሉ ዘመን ደግሞ የከተማችን የአዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴ የመተማን መንገድ ጨርሶ አልተወም። ጦሩ ሲመለስ ግመሉ ይነሳል።

አሁን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከጭልጋ የመጣ ዘመዴ አምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ድንበሩ ቆላ ወርዶ ነበር። ሰሊጥ እንደ ጤፍ አይታገሥም። ደርሶ ቀኑ ካለፈበት ቆቡ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፣ ከዚያ በኋላ ምን ልታደርገው ነው? ስለዚህ ድንበሩ ላይ በአጨዳ ሳምንት ጥቂት ጥይት ከተተኮሰ፣ አንድም ሰው ባይሞት እንኳ የብዙ ቤት የዓመት ጉርስ አበቃ ማለት ነው። ዘመዴም ተኩስ ሲሰማ ሌሊት ነው የወጣው። ቤቴ ሲደርስ በእጁ የነበረው ማጭዱ ብቻ ነው፣ ስለቱ እንዳይቆርጠው በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልሎታል። ውሃ ጠጣ፣ እግሩን ታጠበ። ሰፈሩ ተሰበሰበና "ስንት ሆነው መጡ? የኛስ መለሱላቸው?" እያለ አጣደፈው። እሱ ዝም ብሎ ቆየና "የአሥራ አንድ ቀን ሒሳቤን ማን ይከፍለኛል?" አለ። ባለ እርሻውም ሸሽቷል። መልስ የሰጠው የለም፣ ከዚያ በኋላም የጠየቀለት የለም።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ከሱዳን ወገን ከብት የሚነዳ፣ ሰው አግቶ ገንዘብ የሚጠይቅ እንዳለ ሁሉ ከኛም ወገን አለ። እናውቀዋለን። ሲፈጽመው "ጎበዝ" ብለን የምናበላው እኛ ነን፣ ብድሩን የሚከፍለው ደግሞ ምንም የማያውቀው ኮኪት ያለ እረኛ ነው። ወላጆች፣ ልጃችሁ ከየት እንዳመጣው ሳትጠይቁ የሰው ከብት በረታችሁ አታስገቡ። ወጣቶች፣ ከአዘዞ ወዲያ ወርዳችሁ የማታውቁ ሁሉ፣ ስለ ቆላው ከማውራታችሁ በፊት አንድ ከዚያ የመጣ አጫጅ አስቀምጣችሁ ጠይቁ። ነጋዴዎች፣ ለስደተኛ የተለየ ዋጋ አትጥሩ። ቤት አከራዮችም እንዲሁ፣ ሱዳናዊ ነው ብላችሁ ኪራይ እጥፍ የምትጠይቁ፣ ነውር ነው።

እኔ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ሽንኩርት ተራ ነኝ። ሴትየዋ ከመጣች ዋጋውን እኔ እጠይቅላታለሁ። ያ ጎረምሳ ይሄን የምታነብ ከሆነ፣ ልጄ፣ አንተም ና። ዘንቢሏን እንያዝላት።